በቡሬ ዳገት ላይ የሚዘቀዘቀው ጋሪ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጥዬ የምወጣ ሰው ነበርሁ፣ እመነኝ፣ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው በእጁ ያልዳሰሰውን አያምንም።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ቡሬ ላይ ከአብሮ አደጌ ከይበልጣል ጋር ብየዳ ቤት ነበረን፣ እሱ ለሙያ ትምህርት ውጭ አገር ተልኮ ሲመለስ የሚያወራው መዝናኛ ቦታ ስለተሳፈረበት፣ ሐዲዱ እንደ ቀለበት ዞሮ ሰውን ዘቅዝቆ ስለሚያሳልፍ ባቡር ብቻ ሆነ። «ሰው አይወድቅም?» ብዬ ብጠይቀው ባልዲ ውሃ ሞልቶ በክንዱ አሽከረከረው፣ ጠብታ አልፈሰሰም። ምን ልበልህ፣ እኔም ተያዝሁ፣ ከከተማው ዳር ዳገት ላይ እሱ ገዛሁት ባለው ብረት አንድ ቁልቁለትና አንድ ትልቅ ቀለበት ያለው ሐዲድ ዘረጋን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ጋሪም አበጀን፣ ለአብዮት በዓል መጀመሪያ አብረን ልንሳፈር ተማማልን።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ታሰርሁ። መርማሪው ወረቀት አነበበልኝ፣ ብረቱን ከመንግሥት መጋዘን የሰረቅሁት እኔ ነኝ ይላል፣ ከግርጌው የይበልጣል ፊርማ አለ። ፍኖተ ሰላም ሁለት ዓመት ስታሰር፣ ጠያቂ በተጠራ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ እነሳ ነበር፣ አልመጣም፣ በነቀምቴ መንገድ ሄደ አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

የተፈታሁ ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ሐዲዱን ነቅለው ወስደውታል፣ የቀረው የሲሚንቶ መሠረቱ ብቻ ነው። እዚያ ቆሜ ሳለ ከላይ በኩል ሰንሰለት ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ሰማሁ፣ ጋሪውን ሽቅብ የሚጎትተው ሰንሰለት፣ እኔው የገጣጠምሁት፣ ድምፁን አልስተውም። ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያ ቁልቁል ተምዘገዘገ፣ ሣሩ በሁለት መስመር ተኛ፣ ቀለበቱ የነበረበት ሲደርስ ድምፁ ከመሬት ተነስቶ ከራሴ በላይ ወጣ፣ እዚያ ባዶ ሰማይ ላይ ይበልጣል ከልቡ ሲስቅ ሰማሁት።

«ምን አድርጌህ ነው?» አልሁት።

በጎኔ አልፎ ሄደ።

ዞር ስል፣ አጠገቡ የሚያርሱት ሽማግሌ፣ አያ ደሳለኝ፣ በሬዎቻቸውን አቁመው ያዩኛል።

«እርስዎም ሰሙት?»

«እኛስ ለመድነው ልጄ፣ በሬዎቹ ናቸው እንቢ የሚሉ።»

«የሚስቀው ይበልጣል ነው አይደል?»

ዕርፉን እንደያዙ፣ «ሁለት ሰው ነው የሚስቅ» አሉኝ፣ «አንዱ አንተ ነህ።»

እኔ እኮ ያን ጋሪ አንድም ቀን አልተሳፈርሁበትም። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲመጣብኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ።