ከቦሌ እስከ ቦምቤይ በክር

«አስቀምጪው ብያለሁ!»

ሚካል መጥረጊያውን እንደያዘች ደረቀች። እናቷ ከቦሌ በቤተ ክርስቲያን በኩል ዞራ መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

«መንገደኛ ሳይደርስ ቤት አይጠረግም። የወንድምሽን ዱካ ልታጠፊ ነው?»

ወንድሟ ኢያቄም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቦምቤይ በሯል፤ ለአራት ዓመት ትምህርት። የጎፋው ቤታቸው ሳሎንና አንዲት ጓዳ ብቻ ናት። ጓዳዋ የኢያቄም ነበረች። ሚካል ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቷ ከእናቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ መጋፋት አንገሽግሿታል። እሱም ቢሆን «ሚኪ፣ እኔ ስሄድ ጓዳው ያንቺ ነው» ብሏታል። አሁን ሄዷል፤ መጥረጊያው ግን ታገደ።

«ታዲያ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?»

«ቲኬቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ነው። ራሱ ነው ያነበበልኝ።»

«አሥር ሰዓት የሚሆነው እዚያ በእነሱ ሰዓት ነው እማዬ! ቆይ ላሳይሽ።» ሚካል አትላሱንና ከስፌት ሳጥኑ ክር ይዛ መጣች።

ዘዴውን ያስተማራት ኢያቄም ነው። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። የክረምት ዝናብ ቤት ሲያውላቸው፣ ክር እየሰረቁ ዓለምን ይዞሩ ነበር። እሱ ክሩን ከከተማ ከተማ ይዘረጋል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ ከዚያ «እሺ ፓይለቷ፣ ስንት ሰዓት በረርን?» ይላታል። ስትሳሳት በክሩ ጫፍ አፍንጫዋን ይኮረኩራታል። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ከጎፋ ሳይወጡ ያልረገጡት አገር አልነበረም።

ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ቦምቤይ ወጠረችው። በካርታው ስኬል ስታሰላው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ። አውሮፕላኑ በሰዓት ስምንት መቶ ሃምሳ ቢበር፣ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

«በእኛ ሰባት ተኩል ላይ ደርሷል። እዚያ ፀሐይ ቀድማ ስለምትወጣ ሰዓታቸው በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድመናል። ቲኬቱ አሥር ያለው ለዚያ ነው።»

እናቷ አንዴ ክሩን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። «ኧረ ጉድ! እኔ ቁልፍ የምተክልበት ክር ሰማይ ይለካል?» ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተች። ስምንት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው። «ይሁን፣ ተመስገን። ደርሷል ካልሽ ጥረጊ።»

ሚካል በድል አድራጊነት ጓዳ ገባች። ኢያቄም ጫማው እንዳይሸት እግሩን ፓውደር ይቀባ ነበር። ጠዋት ሲጣደፍ ደፍቶት ኖሮ፣ በነጩ ዱቄት ላይ ባዶ እግሩ ታትሟል። አምስቱም ጣቶች ይታያሉ፤ ወደ በሩ ዞረዋል።

ከሄደ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም፣ ናፈቃት።

«ጨረስሽ?» አለች እናቷ ከሳሎን።

ሚካል መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አቆመችው። «ገና ነው እማዬ። አልደረሰም።»

«አሁን ደረሰ አላልሽኝም እንዴ?»

«የደረሰው አውሮፕላኑ ነው። ከኤርፖርት እስከ ዶርሙ ያለውን አልለካሁትም።»

እናቷ «እንግዲያው ዛሬም እኔው ጋ ነሻ» አለቻት ቀስ ብላ።

«አዎ።»

ሚካል ዱካውን እንዳትረግጥ በጥግ በጥጉ ዞራ ሄደችና፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋችው።