የማሰሪያው ልክ

መቅደስ አራጌ ቆቦ ላይ፣ ሙላው ከሚባል ሰው ያላለቀ ፎቅ ጀርባ፣ በጎኗ ተጋድማ ተገኘች። ጥቁር ሻሿ ከራሷ ላይ አልተፈታም። ከክንዷ አጠገብ መስተዋቱ የተሰነጠቀ የቪአር መነጽር ወድቋል፤ ዓይን ላይ ታስሮ የሌለ አገር የሚያሳየው ያ ጥቁር ነገር።

ኢንስፔክተር ተናኜ ስትደርስ ሰዉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ዓይኗን ሸፍና ስትጫወት መከለያ ከሌለው ሰገነት ላይ ወደቀች፤ አለቀ።

የመቅደስ አባት አቶ አራጌ ከዋጃ ገና መድረሳቸው ነው።

«ልጄ፣» አሏት ተናኜን፣ «ዛሬ ጎህ ሲቀድ የወንድሟን መርዶ አረዳናት። ሳውዲ እገባለሁ ሲል ባሕር በላው። ትናንት እናትሽን አሟታል ብለን ነው ከዚህ ያስጠራናት። አሁን ሰዉ በወንድሟ መርዶ ቀን ስትጫወት ሞተች ይለኛል። ሞቷንስ እችለዋለሁ። ይህን ስም ይዛ ግን እንዴት ልቅበራት?»

ተናኜ ተንበርክካ የሟቿን ፊት ረጅም ጊዜ አየች። ሻሹ ሥር ያለው ራስ አንሶ ታያትና ጠርዙን ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነችው።

«እኔ ጉድ ሆንኩ!» አለ የፎቁ ባለቤት ሙላው። «መከለያ ሥራ ስትለኝ ኖራለች። ብረት ይርከስ እላታለሁ።»

«ብረት ረክሶ ያውቃል?»

«አያውቅም፣» አለና መላጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

ከፎቁ ፊት ለፊት ጭማቂ የምትሸጠው ሀናን ዓይኗ ቀልቷል። «ሰላም ሳትለኝ አልፋ ወጣች። ወላሂ የኮራች መስሎኝ ተቀየምኳት፤ አላህ ይማረኝ።»

«መነጽሩን ታውቂዋለሽ?»

«ማን የማያውቀው አለ! አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ ግንባር ይጫናል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ከላብ ጋር ሲወልቅ ፊትሽ ላይ ቀለበት ይቀራል፤ ጉጉት መስለሽ ነው የምትወጪው። ለመቅደስ ግን ጠላቷ ማሰሪያው ነበር። ሹሩባዋ ወፍራም ስለሆነ እስከ ጥግ ካልላላ አይገባላትም። ልኳ ላይ ቀይ ክር ሰፍታበታለች።»

ተናኜ መነጽሩን አገላበጠችው። ማሰሪያው ቀዩ ክር ላይ ቆሟል።

ፎቁ ላይ ጌም ቤት ያለው አላምረው የመቅደስ እጮኛ ነው።

«እኔው ነኝ ያሰርኩላት። በሻሹ ላይ፣ እንደ ወትሮው ቀዩ ክር ላይ አድርጌ፣ ከጉንጉኗ ሥር አሳለፍኩት። ስልክ ላነሣ ዞር ስል…»

«ጥብቅ ብሎ ያዘ?»

«እንዲያውም ግንባሬን ተጫነኝ ብላ አማረረች።»

«ስለ ወንድሟ ምን አለችህ?»

«ምንም። መሞቱን የሰማሁት አሁን ከሰዉ ነው።»

ተናኜ ወደ ዋጃ ደወለች። ስትጨርስ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መቅደስ ስትወድቅ መነጽር አላደረገችም፣» አለች። «በዚህ ሙቀት ግንባር የተጫነ ስፖንጅ ምልክት ይተዋል። ፊቷ ላይ ምንም የለም።»

«ብዙ አልቆየችበትማ፣» አለ አላምረው።

«ይሁን። አቶ አራጌ፣ ልጅዎ ዛሬ ጠዋት ጸጉሯን ምን አደረገችው?»

«በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው። ሴቶቹ ቢይዟት እምቢ አለች። የቀረ ጉንጉን የለም።»

ሀናን አፏን በእጇ ያዘች።

«አቶ ሙላው፣ ይቅርታዎን።» ተናኜ ማሰሪያውን ሳታጠብቅ መነጽሩን መላጣው ላይ አደረገችው። እጇን ስትለቅ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ማንም አልሳቀም።

«ይህ ማሰሪያ የተለካው ዛሬ ለሌለ ሹሩባ ነው። አስረህላት ቢሆን ኖሮ እጅህ ያውቀው ነበር፣ አላምረው። ከወደቀች በኋላ በልኳ አስተካክለህ ወረወርከው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ጠዋት ዋጃ ላይ የሆነውን የሚነግርህ አልነበረም። የወንድሟን ሞት ከራሷ አፍ ሰማህ። ጸጉሯን ግን ሻሹ ሸፈነብህ።»

«እኔ እሷን ለምን?…»

«ከዋጃ ሳትነሣ ከወንድሟ ጋር ተሳፍሮ ከባሕሩ የተረፈውን ሰው ጓዳ ጠርታ፣ ወንድሜን ለደላላ አሳልፎ የሰጠው ማነው ብላ ጠየቀችው። አሁን ለእኔም ነገረኝ። አንተ ነህ።»

አላምረው መሬት ላይ ተቀመጠ። «እንዲያልፍለት ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ይሄድ የለም? ደረቴን ጨምድዳ ወንድሜን አምጣ አለችኝ። ገፋ አደረግኋት እንጂ ልጥላት አልነበረም።»

«ስትወድቅ ታዲያ ለምን አልጮህክም?»

ፖሊሶቹ አስነሥተው ወሰዱት።

አቶ አራጌ ወደ ተናኜ ቀረቡ። «እንግዲህ ስትጫወት አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ። ስለ ወንድሟ ስትሟገት ነው።»

ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። «የሱን ሬሳ ባሕሩ አልመለሰልኝም። አንድ መቃብር ይቆፈራል። እሱንም እሷንም እዚያው አለቅሳቸዋለሁ።»

ደረጃውን ለመውረድ እጃቸውን ዘረጉላት።