ለጃንሆይ አንዲት ጥይት

ጠመንጃው በጣቃ ጨርቅ ተጠቅልሎ በታክሲ መጣ።

እጸገነት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ በመስኮቱ ታያለች። ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ካዛንቺስ። አቶ ቸሩ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ወያላው ሸክማቸውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

«ኧረ አባባ፣ እናግዝዎት እንጂ! ምን ቢሆን ነው እንዲህ የከበደው?»

«መጋረጃ ነው። አንተ በርህን ዝጋ!»

ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ወገባቸው ግን ዛሬም ቀጥ ያለ የክብር ዘበኛ ወገብ ነው። ከቂርቆስ እስከ ስታዲየም፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ በሁለት ታክሲ፣ ምንሽር ጭናቸው ላይ አጋድመው ከሰው ጋር ስለ ዝናቡ እያወሩ መጡ። ድፍረት ይሉሃል ይሄ ነው!

የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀይ የክር ጥቅል ተቀምጧል። ቀይ ማለት «ይግቡ፣ ሰላም ነው» ማለት ነው። ጥቁር ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ዝም ብለው አልፈው ይሄዱ ነበር። ምልክቱን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ጥቁሩ ክር መሳቢያው ውስጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ እጇ ሁለት ጊዜ ወደ መሳቢያው ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ፊት ለፊት ኬክ ቤቱ በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች ማኪያቶ ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጋዜጣ ዘርግቷል። ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ገጽ አልገለጠም። ይሄ ደደብ፣ አለች በሆዷ፣ አንዴ እንኳ ቢገልጠው ምናለበት?

እጸገነት እውነተኛ ስሟ አይደለም። ልብስ ሰፊነቱም እንጀራዋ አይደለም፤ ምንም እንኳ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከብዙ ሰፊ የተሻለ እጅ ብታወጣም። በመሥሪያ ቤቷ መዝገብ «ክር» ትባላለች። የበላይዋ «ወንበር» ነው። አቶ ቸሩም ሳያውቁት «ባርኔጣ» ተብለው ፋይል ተከፍቶላቸዋል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። በሩን ገፋ ያድርጉት።»

ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ምንሽሩ በዘይት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። አቶ ቸሩ ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ውስጡ አንዲት ጥይት ነበረች።

«የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። አጎትሽን አደራ በይልኝ። ሳጥኑ ወደ መቃብሩ ሲወርድ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃውን የፈለገ ይውሰደው።»

«እሺ አባባ።»

አጎት የላትም። ፈቃድ ያለው፣ ለቀብሩ ጥበቃ የተመደበ፣ ተኩሱን እንደ ሥርዓቱ የሚያደርስ አጎት አለኝ ብላ የዋሸችው ለመልካም ነው። እንደዚያ ብላ ነበር ራሷን ያሳመነችው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ በጥቅምት ቂርቆስ ዕለት ነው። ጃንሆይ በሞቱ በሃያ አምስት ዓመታቸው እሑድ ሥርዓተ ቀብራቸው ሊፈጸም ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራል። ወንበርም ከበላይ ታዟል፤ «ያረጁ ወታደሮች ቀብሩ ላይ ሁከት ያስነሣሉ የሚል ጭምጭምታ አለ፤ አጣራ» ተብሏል። እሷ ደግሞ የቂርቆስ ጽዋ ማኅበር አባል ሆና ከእነዚህ አዛውንቶች ጋር አሥራ ሁለት ጊዜ ጽዋ ጠጥታለች። ፊደሏ ያምራል ብለው ጸሐፊ አድርገዋታል።

«ማኅበራችን ለንጉሡ መታሰቢያ ምን ያድርግ?» ብለው ጠየቁ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት፣ ጡረተኛው አስተማሪ አቶ ዘነበ። «እኔ ሐውልት እላለሁ።»

«ሐውልት የእርግብ ማረፊያ ነው!» አሉ የአቶ ቸሩ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋአየሁ። «ተዝካር እናውጣላቸው እንጂ። ለድሀ አባት እንኳ ይወጣል። ለንጉሥ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁራሽ ሳይቆረስ! አያሳፍርም?»

አንዱ በስማቸው ለድሀ ተማሪ መጽሐፍ እንግዛ አለ። ሌላው ፎቶግራፋቸውን በትልቁ እናሳጥብ አለ። ተጯጯሁ።

«እኔ አንድ ዕዳ አለብኝ» አሉ በመጨረሻ አቶ ቸሩ። «መስከረም ሁለት፣ ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በር ላይ ተረኛው እኔ ነበርኩ። በዚያች ትንሽ መኪና ከኋላ አስቀምጠው ሲያወጧቸው በእኔ ፊት አለፉ። እጄ ወደ ግንባሬ አልሄደም። ፈራሁ። ሰላምታ ሳልሰጣቸው ሄዱ። ሰው ያደረጉኝ ጌታዬ!»

የጠመንጃውን ነገር ያነሡት ያኔ ነው። ጓዳቸው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የደበቁትን ምንሽር፣ መድፍ ለሚገባው ንጉሥ አንዲት ጥይት።

እጸገነት ቃለ ጉባኤውን ጻፈች። በማግሥቱ ለወንበር ደግማ ጻፈችው። የጻፈችው እውነቱን ነው። ሕዝብ በሞላበት ቦታ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ቢያወጣ የሚደርሰውን ታውቃለች። መጀመሪያ የሚሞቱት እሳቸው ናቸው።

«ብረቱን አምጪ» አላት ወንበር። «ብረቱ እጃችን ከገባ ሽማግሌው ቤቱ ይገባል። እሑድም ከሚስቱ ጋር ቀብሩ ላይ ይቆማል። ቃሌ ነው።»

አመነችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ለመጠርጠር ደመወዝ የምትበላዋ ሴት ግን ሳትጠረጥር ቀረች።

አሁን አቶ ቸሩ በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እሑድ አብረን ነን» አሉ። «ሸዋአየሁ ቦታ ትይዝልሻለች።»

ወጡ። ቀጥ ብለው ወደ ታክሲው ተራ ሄዱ። በረንዳው ላይ ባለጋዜጣው ጋዜጣውን አጠፈ።

ተነሣ።

ይህ አልተባለም ነበር።

ሁለተኛው ሰውዬ አስፋልቱን ተሻገረ። ከማዕዘኑ ነጭ ላንድክሩዘር ወጣች። እጸገነት ወደ በሩ ተስፈነጠረች። አፏን ከፈተች።

ድምፅ አላወጣችም።

የመኪናው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። የሽማግሌው ጋቢ ጫፍ በበሩ ተይዞ ውጭ ሲውለበለብ አየችው። ስልኩን አነሣች። ጣቷ ሁለት ጊዜ ቁጥር ሳተ።

«ቃል ገብተው ነበር!»

«ባለቤት የሌለው ጠመንጃ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለ ወንበር። እያላመጠ ነበር። «ሪፖርት ላይ ሰው ያስፈልገኛል። ዕቃውን በጓሮ በር አስረክቢ። ነገ ጠዋት ነይ።»

ግቢው እዚያው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ጽሑፍ በሌለው የብረት በር ጀርባ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ በተገረበበው በር ሰማች።

«መሣሪያው የት ነው አባባ?» ወንበር ነው። ለሽማግሌ ድምፁን ማር ማድረግ ያውቅበታል።

«ወንዝ ጣልኩት።»

«ለማን ሰጡት?»

«ወንዝ ለማን ይሰጣል? ጣልኩት አልኩህ እኮ።»

ጠመንጃው በሚቀጥለው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። እጸገነት ካለችበት ቦታ ሰደፉ ይታያታል።

ወንበር ወጣ። «ከትናንት ጀምሮ ይሄንኑ ነው የሚለው። የአንቺን ስም ቢጠራ እኮ ያልቅ ነበር። አንዲት ሰፊ ዘንድ አስቀመጥኩት ቢል ‹ተገኘ› እንላለን፣ ቤቱ ይሄዳል። ድርቅ ያለ ሽማግሌ!»

«ልግባ» አለች። «እኔ ራሴ ልንገራቸው። ማን እንደሆንኩ ይወቁ፤ ከዚያ ይልቀቋቸው።»

«ሽፋንሽ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ!»

ወንበር አያት። ቶሎ እሺ አለ። በጣም ቶሎ። «ግቢ። ነጠላሽንና ጫማሽን እዚህ ተዪ፤ የክፍሉ ደንብ ነው።»

ጫማዋን አወለቀች። ምን ነክቷት እንደሆን እንጃ! የስንት ዓመት ሰው እንደ ልጅ ተታለለች።

አቶ ቸሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ፤ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ሽማግሌው ባንዴ አረጁባት።

ያኔ ገባት። ታስራ የመጣች መስሏቸዋል። ወንበርም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

«ያውቋታል?» አለ ከኋላዋ።

«አላውቃትም።»

«አባባ፣ እኔ…»

«ዝም በይ!» ጮሁባት። በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድ ቀን ጮኸውባት አያውቁም። «አላውቅሽም አልኩ! የሰው ልጅ ከመንገድ ታፍሳላችሁ እንዴ? ጫማዋን ስጧት፤ ብርድ ነው።»

አፋቸው ሲቆጣ ዓይናቸው ግን «አይዞሽ» ይላታል።

ወንበር አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ካላወቋት እኛ ዘንድ ትቆይና እናጣራለን። ወይም ይህን ይፈርሙ። መሣሪያውን ለቀብሩ ቀን ሁከት እንዳዘጋጁት፣ ብቻዎን እንዳዘጋጁት ይላል። ይፈርሙና ልጅቷ አሁኑኑ ትሂድ።»

አራት ቃል ይበቃ ነበር። አባባ፣ እኔ ከነሱ ነኝ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው። ለዚያ ብላ አይደል የገባችው?

አልወጣም።

መሥሪያ ቤቷን ፈርታ አይደለም። መሐላዋን አክብራም አይደለም። እነዚያ ዓይኖች «አይዞሽ» ማለታቸውን ትተው እንዴት እንደሚያዩዋት አሰበችና ፈራች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ምድር ግን ሲሚንቶ ነው፤ አይከፈትም።

አቶ ቸሩ እስክሪብቶውን አነሡ። ወረቀቱን አላነበቡትም። ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ እሷን ሳያዩ፣ ለግድግዳው እንደሚያወሩ ሁሉ ተናገሩ።

«ያኔ ፈርቼ ነበር። ዛሬ አልፈራሁም። ተመስገን።»

ፈገግ ብለው ነበር። እጸገነት ኮሪደሩ ውስጥ ጫማዋን በየት በኩል እንዳጠለቀች አታውቅም። ወንበር ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

«ፋይሉ ተዘጋ። ጎበዝ። ሰኞ ሱቁን ልቀቂ።»

እሑድ መሄድ አልነበረባትም። ሄደች። ቢያንስ ከሩቅ አያለሁ አለች፤ ከሕዝቡ ጀርባ ቆማ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ግን አገኟት። እየሮጡ መጥተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«እሰይ! እሰይ ልጄ! ወጣሽልኝ!»

«እማማ…»

«ሰምቻለሁ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ማታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አዛውረውት ስንቅ አደረስኩለት። ‹ልጅቷን አስለቅቄያታለሁ፣ በእኔ ቦታ አቁሟት› አለኝ። ሰውዬው ታስሮም እኮ ደስ ብሎታል! እንዲህ ያለ ፊት ካየሁበት ስንት ዘመኔ።»

እጇን ይዘው ሕዝቡን እየሰነጠቁ ወሰዷት። ማኅበርተኞቹ ሁሉ ጉንጯን ሳሟት። አቶ ዘነበ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። መሐል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ጠብቀው ነበር። እዚያ አቆሟት። ሳጥኑ በፊቷ ሲያልፍ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ እሷም አለቀሰች። ሰው ለንጉሡ ያለቀሰች መሰለው።

«ነገ ስንቁን አንቺ አድርሺለት» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሲለያዩ። «አንቺን በዓይኑ ቢያይ ይሻለዋል።»

«እሺ እማማ።»

ሰኞ ሱቁ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናውን በጭነት መኪና ወሰዱት። ረቡዕ ወንበር አዲስ መታወቂያና የሌላ ከተማ አድራሻ ሰጣት። በመሐል አንድ ነገር አስታወሰና ሳቀ።

«አሮጊቷ እኮ አላረፈችም። ‹ልጄን ደግማችሁ አሰራችኋት› ብላ በየጣቢያው እየዞረች ነው። ሽማግሌው ደግሞ ‹ቃላችሁን በላችሁ፣ የፈረምኩት ለሷ ነበር› ብሎ እህል አልቀምስ ብሏል።»

እሷ አልሳቀችም። መታወቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ስታዲየም ላይ ታክሲ ተሳፈረች። ፀጉሯን ተቆርጣለች። ጂንስ ለብሳ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከኋላ መቀመጫ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ላንቻ ሳይደርሱ አንዲት ምሳ ዕቃ የያዙ ሴትዮ ገብተው አጠገቧ፣ ከበሩ ወገን ተቀመጡ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ናቸው።

እጸገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ልጆቼ» አሉ ሴትዮዋ ለተሳፋሪው ሁሉ፤ ድምፃቸው ሰልሏል። «አንዲት ልጅ ጠፍታብኝ ነው። ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ካዛንቺስ ልብስ ትሰፋ የነበረች። እጸገነት ትባላለች። ያየ አለ?»

ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። «አይዞዎት እማማ፣ ትገኛለች» አለ ሹፌሩ። «ልጅዎት ናት?»

«ልጄ ናት።»

ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄዱ።

«ወራጅ አለ» አለች እጸገነት፣ በሌላ ሰው ድምፅ።

የምትወርድበት ገና ነበር። ታክሲው ጥግ ያዘ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ጉልበታቸውን ወደ ጎን ሰበሰቡ። ቀና ብለውም አላዩዋት።

«እለፊ ልጄ» አሉ።

አለፈች።