የእናቲቱ ክንድ

የሰሟን ኳስ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቃት።

ማንም አላየውም። ቀትር ላይ መቅደሱ ሊዘጋ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይጋፋል። ስንጥቁ ያለው ከመግቢያው አሥራ አራተኛው ዓምድ ላይ፣ ኩምቢ ካለው አንበሳ እግር ሥር ነው። የጥንቱ ጠራቢ አውሬ ሲፈጥር አልሰሰተም።

በኳሷ ውስጥ ያለችው ብጣሽ ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ «እናቲቱ ሳባፓቲ ቤት ናት። አሥር ሰዓት ላይ በጭነት መኪና ትወጣለች። ሰም።»

ሰም የእሱ የምስጢር ስም ነው። ኳሷን የሚያነሳው የአካባቢው ፖሊስ ዋርካ ይባላል። ተያይተው አያውቁም። የሰምን እውነተኛ ስም የምታውቀው ቼናይ ያለችው አለቃው ጉልላት ብቻ ናት። እሷም ዋርካን መጠርጠር ስለጀመረች «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት አድርገህ ላክ» ብላዋለች። ሁለተኛዋን ኳስ በሩ ላይ ለምትቀመጠው አበባ ሻጭ ከአሥር ሩፒ ጋር አስጨበጣት። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ዘጠኝ ወር ሙሉ በሳባፓቲ ማቅለጫ ቤት ኢላንጎ የሚባል ነሐስ አፍሳሽ ሆኖ ኖሯል። ሙያው ውሸት አይደለም፤ አባቱም አያቱም አፍሳሾች ነበሩ። ባለፈው ወር ከሽማግሌው ማሲላማኒ ጋር የማንጋልኩዲ መንደር «እናቲቱ» እያለ የሚያመልካትን የነሐስ አምላክ ቅጂ ሠርተዋል። ሽማግሌው ሀብታም ለቤቱ ያዘዛት መስሎት በሰም ቀረጻት። የሳባፓቲ ሌቦች ሁለቱን ቀያየሩ። አሁን መንደርተኛው በየማለዳው ወተት የሚያፈስሰው በቅጂዋ ላይ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የተለመነችው እናት ሳጥን እየጠበቀች ነው።

እሷን ወደ ቤቷ መመለስ። ሥራው ይኸው ነበር።

የሙዝ ቅጠል ላይ ሩዙን በልቶ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ማቅለጫው ቤት ተመለሰ። ከኋላው በሩ ተዘጋ። ሰንሰለት ተንኳኳ።

የሰሟ ኳስ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

ተሰንጥቃ።

«ስልካችሁን» አለ ሳባፓቲ ለእሱና ለማሲላማኒ። የቤቱ ጌታ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሳ። ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን ሰበሰቡ። «እዚህ ሰም የምትይዙት ሁለታችሁ ናችሁ፤ አንዳችሁ የፖሊስ ጆሮ ናችሁ። የትኛችሁ እንደሆናችሁ ይህቺን የሸጠልኝ ፖሊስም አያውቅም። እኛው እናጣራለን።»

ከጥግ የቆመውን ነገር ጨርቁን ገፈፈው። ማሲላማኒ አይቶ መዳፎቹን ለጸሎት አጋጠመ።

«የእናቴ አገር እናት ናት» አለ። «ሳባፓቲ፣ ምን አድርገሃል?»

«ቀኝ ክንዷን ከክርኗ በላይ ቁረጥልኝ አባባ። ለብቻው ይጫናል፤ ባሕር ማዶ ሲደርስ ይበየዳል።»

«ጣት ቢሰበር ይጠገናል። ክንድ የጎደላት ግን አትመለክም።»

«አውቃለሁ፤ እኔም የአፍሳሽ ልጅ ነኝ። ለዚህ እኮ ነው። ቢያገኟትም መቅደስ አያስገቧትም። የማይፈልጓትን ነገር ማን ብሎ ይከሰኛል?»

«የኔ እጅ ይቆረጥ።»

ሳባፓቲ ፈገግ አለ። «ፖሊስም ማስረጃ አያበላሽም። እሰሩት።»

አሰሩት። መጋዙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ተነሥ ኢላንጎ።»

እምቢ ቢል ይሞታል፤ መኪናው ቀድሞ ይወጣል፤ እናቲቱ ትጠፋለች። ቢቆርጥ ትገኛለች፤ ቤቷ ግን አትገባም። መውጫ የለውም። አበባ ሻጯ ኳሷን ታድርስ አታድርስ አያውቅም። ላብ ዐይኑ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ፣ ጣቶቿን ልቁረጥ? ለሳጥኑ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።»

«ክንዷን አልኩህ።»

ጀመረ። ቀስ ብሎ። መጋዙን አጣሞ ገፋው፤ ስለቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«እጅህን ምን ነካው?»

«የድሮ ነሐስ ነው ጋሼ። መጋዝ ይበላል።»

ሁለተኛውንም ሰበረ። ሳባፓቲ ሰዓቱን አየ። «ሦስተኛው ከተሰበረ ያንተን ጣት ነው የማስቆርጠው።»

ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ተኩል። ውጭ የሚሰማ ነገር የለም። ነሐሱ በተቆረጠበት በኩል ወርቅ መስሎ ያበራል። አባቱ ቢያየው ምን ይል እንደነበር አሰበና ራሱን ጠላ።

«ልጄ» አለ ማሲላማኒ ከመሬት። «አንተ እንኳ ተው።»

አልተወም።

ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ጎበዝ» አለ ሳባፓቲ። «ሽማግሌውን በኋላ እናየዋለን።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሩ ተገነጠለ። የጉልላት ሰዎች ነበሩ። ሳባፓቲን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ያዙት፤ ዋርካን ከቢሮው አመጡት። ኢላንጎንም ለሽፋን ሲሉ በካቴና አወጡት። መኪናው ውስጥ ካቴናውን ሲፈቱለት ማሲላማኒ አየና ገባው።

በሳምንቱ እናቲቱን ለማሳየት ማንጋልኩዲ ወሰዷት። ጉልላት «ከሰው መሀል ቁም፤ አትናገር» ብላ ፈቀደችለት። ሴቶቹ ወተት በእንስራ ይዘው ተሰልፈዋል። ካህኑ ቁራጩ ላይ ጣቱን አሳለፈ። ደጋግሞ አሳለፈ።

«አትገባም» አለ። እጁን ሰበሰበ። «መንፈሷን በውኃ እንስራ እናሳድራለን። የሌቦቹ ቅጂም አትሆንም፤ አዲስ ምስል ይፈስስላታል። ይቺን መንግሥት ይውሰዳት።»

አንዲት አሮጊት የነሐሱን እግር ይዛ አለቀሰች። ወተቱን የት እንደምታፈስሰው ግራ ገብቷት ይዛው ቀረች።

«የማን እጅ ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ሁሉም ወደ ማሲላማኒ ዞሩ። «እኔ ታስሬ ነበር» አለ። «ግድግዳ ግድግዳውን ነው ያየሁት።»

ሰው ሲበተን ሽማግሌው በቀስታ ወደ ኢላንጎ መጣ።

«የአዲሷን ሰም ሰኞ እጀምራለሁ። እሳቱን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም። ትመጣለህ?»

መሄድ ፈለገ። በሕይወቱ እንደዚያ የፈለገው ነገር አልነበረም።

«አልችልም አባባ።»

«እንግዲያው ስምህን ንገረኝ። ነሐሱ ሲፈስስ የሠሪዎቹ ሁሉ ስም በጸሎት ይጠራል። ግማሿ ያንተ ትሆናለች፤ የጎደለውን ትሞላለህ።»

«እሱንም አልችልም።»

ማሲላማኒ ትከሻውን ያዘው። «ኢላንጎ ብዬ እጠራሃለሁ» አለ። «እሷ ማንን እንዳልኩ ታውቃለች።»

አውቶቡሱ መጣ። ሰውየው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ያለው አዲስ መታወቂያ ሌላ ስም ይላል፤ እስኪደርስ ድረስ ሊለምደው ሞከረ።