የመሪጌታ ባዬ ቁርስ

መሪጌታ ባዬ የሞቱት በፍልሰታ ጾም፣ ጎንደር አራዳ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ፣ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ነው። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ ጭቃ የጠገበ ጫማዋን በር ላይ ጠራርጋ ስትገባ ጥፋተኛ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ነርስ ፈህሚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ከትናንት ጀምሮ የሚጠብቃት ፖሊስ ከጎኗ ቆሟል።

ሸዋአየሁ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚቀርብላት ጥፋተኛ ከድሮም አይጥማትም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ የሆስፒታሉ ባለቤት አቶ ሙሉሰው። «ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው በዚህ ሳምንት፣ መርፌ የጀመሩትም ትናንት ነው። የስኳሩን መርፌ ሳይበሉ ከተወጉት ስኳራቸው ወርዶ ይገድላል፤ ሐኪሙም የገደላቸው ይኸው ነው ብሏል። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ነርሷን አስቀድሞ ‹ቁርስ በልተዋል?› ብሎ የሚጠይቃት። እሷ ‹አዎ› ብላ ወጋች። ኮምፒውተር አይዋሽም!»

ፕሮግራሙን የሠራው መዝሙር ከኋላቸው ቆሟል። የደብተራ ልጅ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም።

ሸዋአየሁ ፈህሚያ አጠገብ ተቀመጠች።

«‹አዎ› ብለሻል?»

«ወላሂ አላልኩም! ስከፍተው ‹አዎ› ይል ነበር። ቁርስ ያደለችው ልጅ ሞልታዋለች ብዬ አለፍኩት። ሳህናቸውም ባዶ ነው።»

«ራሳቸውን ለምን አልጠየቅሽም?»

«ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ነበር። ጸሎት እንዴት አቋርጣለሁ? እሳቸውም ክንዳቸውን ብቻ ዘረጉልኝ።»

«ሳህኑ ላይ ምን ነበር?»

«እንቁላል ፍርፍር።»

ሸዋአየሁ ብድግ አለች። የድጓ መምህር በፍልሰታ፣ ያውም በጠዋት፣ እንቁላል! ይህን የሚያምን ሰው ጎንደር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ባለቤቱ «ታማሚ እኮ አይጾምም» እያሉ ተከተሏት፤ ዞራም አላየቻቸው።

የመሪጌታ አልጋ ተነጥፏል። ከጎኑ እግራቸው የተሰበረው የጨርቅ ነጋዴ አያ ከማሉዲን ተኝተዋል።

«አያ ከማሉዲን፣ የመሪጌታን እንቁላል ማን በላው?»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ‹ከማል፣ አንተ ብላልኝ፤ እንዳለ ከተመለሰ ሐኪሙ ይቆጣኛል። እኔ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም› አለኝ። ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤቴ ነው፤ የሰጠኝን እምቢ ብዬው አላውቅም። ምነው እጄ በተሰበረ!»

«እርስዎ አልገደሏቸውም» አለች ሸዋአየሁ። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁሉንም የነርሶች ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አያ ከማሉዲንም በተሽከርካሪ ወንበር መጡ።

«መሪጌታ አልበሉም። ሳህኑን ባዶ ያደረጉት አያ ከማሉዲን ናቸው። ታዲያ ‹አዎ› ያለው ማን ነው? ፈህሚያ እንዳትባል፣ ከትናንት ጀምሮ ፖሊስ አጠገቧ ስላለ ኮምፒውተር አልነካችም። መዝሙር፣ የመሪጌታ ስም ያለበትን ገጽ ክፈትልኝ። የዛሬውን።»

መዝሙር ከፈተው። «መሪጌታ ባዬ። ቁርስ በልተዋል? አዎ» ይላል።

ሁሉም አንገታቸውን ወደ ገጹ አሰገጉ።

«አስከሬናቸው ምርመራ ክፍል ነው» አለች ሸዋአየሁ። «ሬሳ ተነሥቶ ቁርስ ካልበላ፣ ይህ ኮምፒውተር ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል ማለት ነው። ነርሷ መርፌውን ስትመዘግብ መልሱ በስሟ ይጻፋል። እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው?»

«መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም» አለ መዝሙር። «ካልመለሱለት አያሳልፍም ነበር። ነርሶቹ ጥያቄው በዛብን አሉ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ አቶ ሙሉሰው ‹እንግዶች ሊያዩት ይመጣሉ፤ አንዴ ተነክቶ ይለፍ፤ ለነገ ካላደረስክ ሌላ ሰው አመጣለሁ› አሉኝ። አደገኛ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ብሎኛል» አሉ አቶ ሙሉሰው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «መልሱን አንተ ሙላው ግን አላልኩም።»

«ኮምፒውተር አይዋሽም ሲሉኝ ነርሷን አስገድዶ መጠየቁ እንደቀረ ያውቁ ነበር» አለቻቸው ሸዋአየሁ፤ ንዴቷን አልሸሸገችም። «ልጅቱን ሊያስበሉ!»

«ጊዜ አልነበረኝም» አለ መዝሙር። «ባዶ ብተወው ይቆማል። ሆስፒታል ተኝቶ ቁርስ የማይበላ ማን አለ ብዬ ‹አዎ› አልኩት።»

«አንተ ዛሬ ቁርስ በልተሃል?»

«ኧረ ፍልሰታ አይደል እንዴ! እንዴት አድርጌ…»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሸዋአየሁ አዘነችለት። ቢሆንም ፖሊሱን ከፈህሚያ አጠገብ አንሥታ እሱና አቶ ሙሉሰው ዘንድ አቆመችው።

ፈህሚያ ግን ነፃ መውጣቷን ልብም አላለችው። ዓይኗ ገጹ ላይ ቀጥሎ ከተጻፈው ስም ላይ ተተክሏል። ትናንት ከአይከል መጥተው የተኙት እማማ እናኑ። ቁርስ በልተዋል? አዎ።

እየሮጠች ወጣች። ሸዋአየሁ ስትደርስ ተረኛዋ ነርስ መርፌውን ይዛ የአሮጊቷን ክንድ በጥጥ ትጠርጋለች።

«ቆይ!» አለች ፈህሚያ። «እማማ፣ ምግብ ቀምሰዋል?»

«ኧረ በስመ አብ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ?» አሉ እማማ እናኑ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ምነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ዛሬ ገና መጠየቃችሁ ነው?»