ከፎቶ ቤቱ መስኮት የወጣ ቀሚስ

«የማን ነው?» አሉ የታሪክ መምህሯ፣ የቀሚሱን ኮሌታ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ይዘው።

የዕረፍት ደወል ገና መደወሉ ነው። ተማሪው በኮሪደሩ እየተጋፋ ያልፋል። አርብ ዩኒፎርም የማይለበስበት ቀን ስለሆነ ሁሉም ጂንሱንና ሰፋፊ ሹራቡን ለብሶ መጥቷል። ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የለበሰችው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ኮሌታው ክብ ነው። ወገቡ ላይ ጥብቅ ብሎ ከዚያ በታች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ከጉልበቷም አልፎ ይወርዳል። ከአንገቷ እስከ ወገቧ በዚያው ጨርቅ የተሸፈኑ ስምንት ቁልፎች ተደርድረውበታል።

«የአያቴ ነው» አለች።

ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጣት። እውነቱ አጭር ነበር፤ ቀሚሱ የሆቴል መጋረጃ ነው። እናቷ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ፀሐይ ያነጣቸው መጋረጃዎች ይጣሉ ሲባል አንዱን ለምና ይዛላት መጣች። ልጅቷም ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጅ በሚዞረው የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሳ ሰፋችው። ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «መጋረጃ ነው» እንዴት ይባላል?

«የአያትሽ!» የመምህሯ ፊት በራ። «እኔ እኮ የምፈልገው ይህን ነው! ለትምህርት ቤታችን ሃምሳኛ ዓመት የድሮ ዕቃ የምናሳይበት ክፍል እያዘጋጀሁ ነው። እስካሁን የመጣልኝ ሁለት ፋኖስና አንድ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ብቻ። ለሁለት ሳምንት ታውሺኛለሽ? አያትሽ ለብሰውት የተነሡት ፎቶስ የላችሁም?»

«ኧረ አለ፣ ቲቸር!»

ይህን ያለችው ጓደኛዋ ናት። ወሬ አፏ ውስጥ ስለማያድር «ሬዲዮ» ይሏታል። «ጥጉ ጋ ያለው ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ተሰቅሏል። ይሄንኑ ቀሚስ ለብሰው! አያቷ ናቸው!»

«እንግዲያው ሰኞ ከነፎቶው» አሉ መምህሯ፣ እየተቻኮሉ ወደ ቢሮአቸው ሲያመሩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ልጅቷ፣ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ።

«አንቺ ጀመርሽው፣ እኔ ጨረስኩልሽ። ደግሞስ ማን ያጣራል? ሴትየዋን የሚያውቃት የለ። አታካብጂ፣ እሜቴ!»

«እሜቴ» የልጅቷ የክፍል ስሟ ነው። ገና ከበሩ ብቅ ስትል «እሜቴ ገቡ፣ ወንበር ልቀቁላቸው!» የሚል ጩኸት ይነሣል። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። ኋላ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደ እውነተኛ እመቤት እጅ መንሣት ጀመረች፤ ያኔ ቀልዱ አለቀባቸው።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት ነበር። ያ ጥግ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዷ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ከጉርድ ፎቶዎችና ከሙሽሮች መካከል አንዲት ወጣት ሴት በጥቁርና ነጭ ትታያለች። አንድ እጇን የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፋ ወደ ጎን ትመለከታለች፤ ከፎቶው ውጭ አንድ ሰው በስሟ የጠራት ትመስላለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የልጅቷ ምስል መስታወቱ ላይ ያርፍና ከሴትየዋ ምስል ጋር ይደራረባል። ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ፣ ትንሽ ጎንበስ ካለች ክቡ ኮሌታ በራሷ አንገት ላይ ይሆናል። ያኔ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች። አውቶቡስ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጥና ሁለቱ ይለያያሉ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከቁም ሣጥን ጥግ የተጣለ ልብስ ሁሉ ይታያት ጀመር። የእናቷን አሮጌ ሸሚዝ አጠበበች፣ የአክስቷን ካፖርት አሳጠረች። ዳቦ ለመግዛት ስትወጣ እንኳ ጉርድ ቀሚሷን ተኩሳ ነው። «ዳቦው እኮ አያይሽም!» ትላታለች እናቷ፣ ሳቋን እየዋጠች። ለእናቷ ማስረዳት የማትችለው ነገር አለ። እንዲህ ለብሳ ስትወጣ መንገዱ ይሰፋል፤ የመኪናው ጩኸት ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ሁሉ ይርቃል፤ እርምጃዋ ራሱ ሳታዘው ይረጋል። አንድ ያላየችው፣ ግን የምታውቀው የሚመስላት ከሰዓት በኋላ ውስጥ ገብታ ትሄዳለች።

ሰማያዊውን ቀሚስ የሰፋችው ያንን የመስኮቱን ፎቶ ሃያ ጊዜ እየተመላለሰች አይታ ነው። ፀሐይ ያነጣቸውን መስመሮች ሽንሽኑ ውስጥ እንዲገቡ አድርጋ ቆረጠችው። የኋላው በፎቶው ስለማይታይ ከራሷ ፈጠረችና ዚፕ አስገባችበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ልጆች የፎቶ ቤቱን በር ገፉ። ቀሚሱን እንድትለብሰው ያዘዘቻት ሬዲዮ ናት። «ሲያዩሽ ወዲያው ያምናሉ። ፏ ብለሽ ግቢ!»

ውስጡ ጠባብና ጸጥ ያለ ነው። ለመታወቂያ ፎቶ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ጥግ ላይ ደግሞ ደረጃና አምድ የተሳለበት አሮጌ ሸራ ተጠቅልሎ ቆሟል። ፎቶ አንሺው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ሬዲዮ ታሪኩን አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረገፈችላቸው፤ አያትየዋን፣ ቀሚሱን፣ ሃምሳኛውን ዓመት፣ ሁሉንም።

ሽማግሌው እስክትጨርስ ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አያትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቀሚሱንም አያትሽ ናቸው የተዉልሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ ዞር በይልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ዞረች። ሽማግሌው የኋላውን ስፌት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እጅግ ያምራል» አሉ በመጨረሻ፤ ሌላ አልጨመሩም።

መስኮቱን ከፍተው ፎቶውን አወረዱ። ከፍሬሙ ሲያወጡት ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችና ደነገጠች። ለካ ፍሬሙ የፎቶውን ግርጌ ሸፍኖት ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ሽንሽን በታች ሴትየዋ ያደረገችው የጎማ ቦቲ ነው፤ እናቷ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምታደርገው ዓይነት፣ ጫፉ ላይ ጭቃ የደረቀበት።

«ያነሣት አባቴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የደንበኞች ስም የሚጻፍበት መዝገብ ነበረው፤ አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አበሰበሰው። ከዚያ በኋላ ፎቶውን መስኮት ላይ ሰቀልኩት። አንድ ቀን የሚያልፍ ሰው 'እናቴ ናት፣ አክስቴ ናት' ይላል ብዬ። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ስጠብቅ።» ፎቶውን ገለበጡትና ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወጡ። «በይ ንገሪኝ። ስማቸው ማን ነበር?»

ሬዲዮ በክርኗ ጎሰመቻት።

የፈለገችውን ስም መጥራት ትችል ነበር። የእናቷን እናት ስም፣ የጎረቤት ስም፣ አሁን የፈጠረችውን ስም። እርሳሱ ነጩ ካርቶን ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። ልጅቷ ግን ስለዚያች ወደ ጎን ስለምትመለከት ሴት አሰበች። የራሷ ስም ነበራት። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ በስሟ ይጠራት ነበር። አሁን ሌላ ስም ከተጻፈባት ሽማግሌው መጠበቃቸውን ያቆማሉ፤ ፎቶው ወደ መስኮቱ አይመለስም፤ ልጇም ሆነች የልጅ ልጇ ነገ በዚህ መንገድ ብታልፍ ታጣታለች።

«አላውቃትም» አለች።

«አንቺ!» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

«አላውቃትም፣ አባባ። አያቴ አይደለችም። ቀሚሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከመጋረጃ። እሷን አይቼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ሬዲዮ «ጨስኩ!» ብላ በሩን አላትማ ወጣች።

ሽማግሌው እርሳሱን ወደ ጆሯቸው መለሱ። የተቆጡ አይመስሉም። ከመደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ፤ ከውስጡ ፎቶዎች እያወጡ እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀጭን ሴት። ወፍራም ሴት። ዕድሜዋ የገፋ ሴት። አንዲት ከልጅቷ የማትበልጥ ኮረዳ። ሰባት ሴቶች ነበሩ፤ ሰባቱም ያንኑ ባለ ክብ ኮሌታ ቀሚስ ለብሰዋል።

«ቀሚሱ የእናቴ ሥራ ነው» አሉ። «እዚህ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ፎቶ ልትነሣ የመጣች ሴት ደህና ልብስ ከሌላት እሱን ታጠልቃለች። የኋላው ክፍት ነበር። እናቴ በሴትየዋ ልክ ሰብስባ በልብስ መቆንጠጫ ትይዘዋለች። ከፊት ሲታዩ ሁሉም ወይዘሮ ናቸው።»

«እንግዲያው ስዋሽ አውቀው ነበር?»

«ቀሚሱን አያትሽ እንደተዉልሽ 'አዎ' ስትይ አወቅኩ። ስለ ሴትየዋ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ምናልባት እሷ እንኳ እውነት ትሆን ይሆናል ብዬ።»

ልጅቷ አቀርቅራ ፎቶዎቹን እያየች ቆየች። አንዷ ሳቋን መያዝ ያቃታት ትመስላለች፤ ምናልባት መቆንጠጫው ቀዝቅዟት ይሆናል። ሌላዋ ቀሚሱን በጣቷ ጫፍ ብቻ ነክታዋለች፤ እንዳይጠፋባት የፈራችው ህልም ይመስል።

«ቀለሙ ምን ነበር?» ስትል ጠየቀች። «እኔ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው ብዬ ነው የማስበው።»

«ቢጫ! እንደ እንቁላል አስኳል።»

ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ቀጥለው «ያንቺ ዚፕ አለው፤ ዞር ስትይልኝ አየሁት» አሉ። «የኛዎቹ ከወንበሩ ተነሥተው ሁለት እርምጃ እንኳ አይሄዱበትም ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ቀሚሱን አጣጥፋ በከረጢት ይዛ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የመምህሯን ቢሮ አንኳኳች። ቆማ ሁሉንም ተናገረች። መምህሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ማየት ከበዳት።

«እኔ እኮ ለርዕሰ መምህሩ ነግሬአቸው ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ቲቸር።»

መምህሯ እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሡ። «ፎቶዎቹስ?»

«ከፈለጉ ፎቶ አንሺው ሰባቱንም ያውሱዎታል። እርስዎ ራስዎ ሄደው ቢያናግሯቸው ደስ ይላቸዋል።»

«እሄዳለሁ።» ትንሽ ለስለስ አሉ። «ቀሚሱም ቢሆን ይግባ እንጂ። 'ከድሮ ፎቶ ታይቶ በተማሪ የተሰፋ' ብለን እንጽፍበታለን። ያ ውሸት አይደለም።»

ከመስኮቱ አጠገብ ራስና ክንድ የሌለው አሻንጉሊት ቆሟል፤ ቀሚስ የሚሰቀልበት። ልጅቷ ተመለከተችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀሚሷ እዚያ ላይ ሲውል ታያት። ሽንሽኑ አይወዛወዝም፤ የኋላው ወደ ግድግዳ ዞሮ ዚፑን የሚያየው የለም። በከረጢቱ ውስጥ እጇን ሰድዳ ጨርቁን ነካችው። የመጣችው ልትሰጥ ነበር።

«ይቅርብኝ፣ ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «ልለብሰው እፈልጋለሁ።»

ውጭ ሬዲዮ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቃለች። ከቅዳሜ ጀምሮ አልተነጋገሩም።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«የኔንስ?»

«የኔን ብቻ ነው የተናገርኩት። ያንቺ ያንቺ ነው።»

ሬዲዮ ከንፈሯን ነክሳ የቢሮውን በር አየች። ወሬ ያጠራት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ደወሉ ተደወለና ጎን ለጎን ወደ ክፍል ገቡ።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ልጅቷ ሽንት ቤት ገብታ ልብሷን ቀየረች። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ዩኒፎርም ለብሷል። በር ላይ አንዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ቆም ብላ እንደ ልማዷ እጅ ነሣችው። ከአጥሩ ወጥታ ቆመች። በስተግራ ያለው ጭር ያለ የውስጥ መንገድ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ቤቷ ያደርሳታል። በስተቀኝ ሰፊው ጎዳና አለ፤ ሱቁ፣ አውቶቡስ ጠባቂው፣ የሥራ ሰዓት ያበቃለት ሰው ሁሉ ከፀሐዩ ጋር ወዲህና ወዲያ ይፈስበታል።

ነፋሱ መጣና ሽንሽኑን ሞላው። ልጅቷ በአንድ እጇ ቀሚሷን ያዝ አድርጋ ወደ ቀኝ ታጠፈች።