ያልተለያዩት ጥንዶች

የያይኔአበባ አስከሬን ነጭ አንሶላ ለብሶ በሆስፒታሉ የኋላ ክፍል ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ውዳሴ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የሟቿ ጭንቅላት ላይ ነው። የዚያ ሁሉ ጸጉር ትርፍራፊ እዚህም እዚያም ቀርቷል። ያይኔአበባ የውዳሴን ልጅ ባዮሎጂ ያስተማረች ወጣት ነበረች። ውዳሴ አንሶላውን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ለምን አስጠሩኝ ዶክተር?»

ዶክተር ናሁሰናይ ፊቱ በድካም ገርጥቷል። «ታይፎይድ መስሎን ነበር። በትውከትና በተቅማጥ ተዳክማ መጣች፤ ትንሽ ተሻላት። ከዚያ የደሟ ሕዋሶች ማለቅ ጀመሩ። ግራ ቢገባኝ ከአጥንቷ መቅኔ ናሙና ወሰድኩ። ይምጡና ይዩ።»

ውዳሴ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። በየሕዋሱ መሀል ጥቁር ነገር ተዘበራርቆ ተከምሯል።

«ክሮሞዞሞች ናቸው» አላት። «ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል እጥፍ ያደርጋቸውና መሀል ላይ ያሰልፋቸዋል። ከግራና ከቀኝ ቀጫጭን ክሮች መጥተው ይይዟቸዋል። አንዱ እንኳ በክር ካልተያዘ ሕዋሱ መለያየቱን አይፈቅድም፤ ይጠብቃል። ሁሉም ሲያዙ ነው ጥንዶቹን ያጣበቀው ማሰሪያ ተቆርጦ ወዲያና ወዲህ የሚሳቡት።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህ ሲጠብቁ የሞቱ ናቸው። ክሮቹ የሉም። ክሮቹን የሚያፈርስ ኮልቺሲን የሚባል ነገር አለ። በጥቂቱ ለሪህ ይታዘዛል፤ ሲበዛ መርዝ ነው። እኛ አላዘዝንላትም፤ ሪህም የለባትም። ሰው አጠጥቷታል፣ ኢንስፔክተር።»

ለቅሶ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ድንኳኑ የባጃጆቹን መተላለፊያ ዘግቶታል። ውዳሴ ለቅሶ ደርሳ ስታበቃ የሟቿን ባል ገነነን ወደ ጓሮ ወሰደችው። ገነነ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ዓይኖቹ ደም ለብሰዋል።

«የሚጠላት ሰው ነበር?»

«ያይኔን? ማን ይጠላታል?»

«እናንተስ ትጣሉ ነበር?»

«አንድ ነገር ላይ ብቻ። ባሕር ዳር ለማስተርስ ተቀብለዋት ነበር። ያምሮትን ጥዬ አልሄድም አለች። ሂጂ ብዬ ተቆጣኋት፤ ወንድሟ አያ ቸኮለም እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። እምቢ አለች።»

ያምሮት የአራት ዓመት ልጃቸው ናት፤ ከዳውን ሲንድሮም ጋር ነው የተወለደችው። ለቀስተኛው መሀል እየዞረች ያቀፈቻትን ሴት ሁሉ «እማ!» ትላለች። ሴቶቹ በነጠላቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

«ለወንድሟ መታመሟን የነገርከው አንተ ነህ?»

«በስልክ። ደንግጦ፣ ‹ልጅቱስ?› አለኝ። እሷስ ደህና ናት፣ ያይኔ ናት የታመመችው አልኩት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።»

የገነነ እናት እማዋይሽ መኝታ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ውዳሴ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ከምራትዎ ጋር አይስማሙም ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው፣ ልጄ። ሕፃኗ ስትወለድ ይህ ከአንቺ ዘር ነው የመጣ ብዬ አስለቅሻታለሁ። እሷ ግን አልተቀየመችኝም። አንድ ቀን ሁለት ባቄላ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ‹እማማ፣ ሊለያዩ የሚገባቸው ጥንዶች ሳይለያዩ አብረው ሄዱ፤ በዚህ ማንም አይወቀስም› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ያዝኩ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ ደግሞ ያለ እሷ ምንም አትቀምስ። ያንን የቫይታሚን ሽሮፕ እንኳ እናቷ ፊቷ ጠጥታ ‹እም፣ ይጣፍጣል!› ካላለች አትነካውም። ይህ አዲሱ ከመጣ ወዲያ ጭራሽ እየተፋችው፣ እናቷ ነጋ ጠባ ለማባበል ብላ ማንኪያ ማንኪያውን ስትጠጣ ነበር።»

«አዲሱ ምን ነበረው?»

«ሬት ነው! እሷ ሆስፒታል ሳለች ላጠጣት ብዬ በምላሴ ነካሁት፤ እንትፍ አልኩት። ገነነም ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሞከረ። ጥርሷን ገጥማ እምቢ አለች። እዚህ ፋርማሲ አልቆ ከቡሬ ነው የመጣልን።»

ውዳሴ ከመደርደሪያው ላይ ብልቃጡን አነሳች። ከግማሽ በላይ አለው። በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሟቿን ወንድም ቸኮለን ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ተነጥሎ ነበር ያገኘችው። ጠይም፣ እጀ ትልቅ፣ ከአርባ ያለፈ ሰው ነው።

«እናት አባታችን በአንድ ክረምት ነው የሞቱ» አላት ሳትጠይቀው። «በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ትዳር አልያዝሁም። እሷን ካስተማርሁ ይበቃኛል ብዬ።»

«አሁን ምን ይሠራሉ?»

«ከቡሬ ወጣ ብሎ የበርበሬ ችግኝ አፈላለሁ። ባለሙያዎቹ ፍሬው እንዲተልቅ ዘሩን ይነክራሉ፤ እኔ እተክላለሁ።»

«በምን ነው የሚነክሩት?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ቶሎ ብሎ።

ያምሮት መጥታ ጉልበቱን ያዘች። ቸኮለ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ ብሎ ከድንኳኑ ወጣ።

ውዳሴ ብልቃጡን ለዶክተሩ ስትሰጠው ከባሕር ዳር የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ወራት እንደሚፈጅ ነገራት። «ግን ሟቿ ተማሪዎቿን ታስተምርበት የነበረ ቀላል ዘዴ አለ» አለ። ሥር ማውጣት የጀመሩ ሁለት ቀይ ሽንኩርቶች አመጣ፤ የአንዱን ሥር በዚህ ሽሮፕ፣ የሌላውን ከሌላ ከተማ ፋርማሲ በተገዛ ተመሳሳይ ሽሮፕ ነክሮ ጎን ለጎን አሳደራቸው። በማግስቱ የሥራቸውን ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ የሁለተኛው ሕዋሶች ክሮሞዞሞቻቸውን ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው እንደ ያይኔአበባ መቅኔ መሀል ላይ ቆሟል።

በሠልስቱ ማግስት ውዳሴ ገነነን፣ እማዋይሽንና ቸኮለን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዶክተሩም መጥቷል። ያምሮት ጎረቤት ሄዳለች።

«ያይኔአበባ በመርዝ ነው የሞተችው» አለች። እማዋይሽ ደረታቸውን መቱ። «ማን ይጠላት ነበር ብዬ ለፋሁ፤ የሚጠላት አላገኘሁም። መርዙ የተገኘው በልጅቱ ሽሮፕ ውስጥ ሲሆን ስህተቴ ገባኝ። የሽሮፑ ባለቤት ያምሮት ናት። መርዙ የተደገሰው ለእሷ ነው።»

ገነነ ከወንበሩ ተነሳ። «ለያምሮት?»

«ተቀመጥ፣ ገነነ። አንተም እናትህም ሽሮፑን እናቷ አስቀድማ እንደምትጠጣ ታውቃላችሁ። ስለዚህ፣ በልጅቱ ስም እናቷን ለመግደል ያሰበ ከእናንተ አንዱ ቢሆንስ ብዬ ነበር። ግን እሷ ከታመመች በኋላ እማማ ሽሮፑን በምላሳቸው ቀመሱት፤ አንተም ልጅህን ልታጠጣ ታገልክ። መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ገዳዩ ይህን የእናትና የልጅ ልማድ የማያውቅ፣ ከዚህ ቤት ውጭ የሚኖር ሰው ነው። ዶክተሩ እንደነገረኝ፣ ይህ መርዝ ፍሬ እንዲተልቅ ዘር የሚነከርበት ነው፤ ችግኝ ማፍያ ውስጥ ይገኛል። ብልቃጡን ከቡሬ ያመጣው ማነው?»

እማዋይሽ ዓይናቸው ቸኮለ ላይ ቀረ።

«እህትዎ ታመመች ሲባሉ ‹ልጅቱስ?› ብለው የጠየቁት እርስዎ ነዎት» አለች ውዳሴ ዞር ብላ። «የእህትዎን ልጅ አንድ ቀን በስሟ ሲጠሩ አልሰማሁም። ታማለች የሚል ስልክ ሲጠብቁ የነበረው የልጅቱን ነው።»

ቸኮለ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ላስፈታት ብዬ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ታስራ ልትቀር ሆነ። ልጅቱ ብትሞት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ትረሳለች፤ ትማራለች ብዬ...» አለ። «ያይኔ ታመመች ስባል ባለሙያውን ጠየቅሁት፤ ማርከሻ የለውም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማን ልናገር?»

«ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ አያ ቸኮለ» አለ ገነነ በሹክሹክታ። «ልጄ በየቀኑ ሥሩ ትጫወት ነበር።»



«አወቀችብኝ» አለ ቸኮለ። «ሆስፒታል ልጠይቃት ስመጣ፣ ጸጉሯ በእጇ ሲቀር ቀና ብላ አየችኝ። ዘሩ የሚነከርበትን መርዝ ነገር እኔው ነኝ አጫውቻት የነበርሁ። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ‹አያ፣ ያምሮትን አደራ› አለችኝ። ለእኔ! አደራ ያለችው ለእኔ ነው!»

እማዋይሽ ነጠላቸውን ነክሰው አለቀሱ። ገነነ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ።

ውዳሴ ቸኮለን ወደ መኪናው ስትወስደው በጎረቤት በኩል የያምሮት ሳቅ ይሰማል። መንገድ ላይ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ብትቆሚልኝ፣ እታለም» ብሎ ለመናት። «መቃብሯን ልሳለም።»

ቆመችለት። በሩን ራሷ ከፈተችለት። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ከመኪናው ይታያል። ቸኮለ አንድ እግሩን አወጣና ቆየ። ከዚያ እግሩን መልሶ አስገባ።

«እንሂድ» አለ።

በሩን ዘጋችው።